የእናቴ አልጋ ስንት ሴንቲ ሜትር ይሁን?

ጥያቄ፦ እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ስለሚያማት ከአልጋዋ ለመነሳት ሁለት ሦስቴ ሞክራ መልሳ ቁጭ ትላለች። ለሱብሂ ስትነሳማ ሁልጊዜ ሰው መቀስቀስ አለባት። አንድ ነጋዴ በእጅ እየዞረ የሚሠራ የሆስፒታል አልጋ አግኝቶልናል። እንግዛው? (ከደሴ፣ ሙጋድ)

መልስ፦ ብሩን ያዝ አድርጉትና መጀመሪያ ሜትር አውጡ። የእናትዎ ችግር ከተቀመጡበት መነሳት ነው፤ ይህን የሚወስነው ደግሞ የአልጋው ቁመት ነው። በእጅ የሚዞረው አልጋ በብዛት ባለ ሁለት እጀታ ነው፤ አንዱ ራስጌውን፣ ሌላው የጉልበቱን በኩል ያነሳል እንጂ ቁመቱን አይነካም። ቁመት የሚቀይረው ባለ ሦስቱ ነው። እጀታዎቹ ደግሞ ግርጌ ስለሆኑ የተኛ ሰው አይደርስባቸውም። ሰው ላለመቀስቀስ ተብሎ የተገዛው አልጋ ጭራሽ ሌላ ሰው ማስጠራት ይጀምራል።

እናትዎን ቤት ውስጥ የሚያደርጉትን ጫማ እንዳደረጉ ጠንካራ ወንበር ላይ ያስቀምጧቸውና ከወለሉ እስከ ጉልበታቸው እጥፋት ይለኩ። ቀጥሎ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ሳለ ከወለሉ እስከ ተጫኑት ፍራሽ ድረስ ይለኩ። ሰው ያልተቀመጠበትን አልጋ መለካት ያሳስታል፤ የሳሳ ስፖንጅ 5 ሴንቲ ሊሰምጥ ይችላል። የአልጋው ልክ ከጉልበቱ ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ቢበልጥ ጥሩ ነው፤ ጉልበታቸው 40 ከሆነ አልጋው ከ42 እስከ 45 ይሁን። ካነሰ ጉልበት ከዳሌ በላይ ይወጣና ሸክሙ ሁሉ የታመመው ጉልበት ላይ ይወድቃል። ከበዛ እግራቸው መሬት ስለማይረግጥ ከጠርዙ ተንሸራተው ይወርዳሉ።

አልጋው አጥሮ ከተገኘ አናጢ ይበቃል። ከጠንካራ እንጨት 15 በ15 የሆኑ አራት መደገፊያዎች ያሠሩና የአልጋው እግር የሚገባበት 3 ሴንቲ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ያስቦርቡባቸው። ጉድጓዱ ከቁመቱ ስለሚቀንስ 9 ሴንቲ ከፍ ለማድረግ እንጨቱ 12 ሴንቲ መወፈር አለበት። ከስራቸው አሮጌ ጎማ ይለጠፍ፤ አለዚያ ሴራሚክ ላይ ይንሸራተታሉ። ጡብ ደራርቦ ማስቀመጥ ግን አደጋ ነው፤ ሰው በአንድ ጎን ገፍቶ ሲነሳ አልጋው ከላዩ ይወርዳል። የብረት አልጋ ከሆነ ብየዳ ቤት ወስደው በእግሩ ላይ ሰፋ ያለ ቱቦላሬ ያስገጥሙና በየ3 ሴንቲው ቀዳዳ አስበስተው በብሎንና በዳዶ ያሳስሩት። ያኔ ቁመቱን በየጊዜው መቀየር ይቻላል።

ሱብሂ ላይ ዘለው እንዳይነሱ። በጎናቸው ዞረው እግራቸውን ያውርዱ፤ በታችኛው ክርንና በላይኛው መዳፍ ገፍተው ይቀመጡ። አንድ ሁለት ደቂቃ ቁርጭምጭሚታቸውን እያንቀሳቀሱ ይቆዩ፤ ድንገት ሲቆሙ የደም ግፊት ስለሚወርድ ነው ራስ የሚዞረው። ሲቆሙ እግራቸውን ከጉልበታቸው ትንሽ ወደ ኋላ ስበው፣ ደረታቸውን ወደ ፊት አዘንብለው፣ በሁለት እጃቸው ፍራሹን ይግፉ። በደሴ ብርድ ጋቢ ላይ ብርድ ልብስ መደረቡ አይቀርም፤ ጫፉ መሬት ከነካ ግን እግር ይጠልፋልና ከፍራሹ ስር ይወተፍ። የግፊት መድኃኒት እየወሰዱ ማዞሩ ከቀጠለ ለሐኪማቸው ይንገሩ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከአሜሪካ ለአባታችን በሪሞት የሚሠራ አልጋ ሊያመጣ ነው። መብራት ቢጠፋ ቀና እንዳሉ ይቀራሉ ወይ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ከመብራት መጥፋቱ በፊት የሚያሰጋው ቮልቴጁ ነው። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ወንድምዎ የአልጋው ገመድ ላይ ያለችውን ጥቁር ሳጥን ፎቶ አንስቶ ይላክ፤ «100–240» ካለ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃል፣ «120» ብቻ ካለ ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ሳይገዛ እንዳይሰካ።

መብራት ሲጠፋ የሚሆነው እንደ አልጋው ነው። አንዳንዱ የመጠባበቂያ ባትሪ አለው፤ አንዳንዱ ሁለት ባለ 9 ቮልት ድንጋይ ገብቶበት ለመውረድ ብቻ ይበቃል። ድንጋዩ ሳይነካ ቢቀመጥም ስለሚደክም በየዓመቱ ይቀየር። ሁለቱም ከሌሉት ባይገዛ እንመርጣለን።

ሞተሩ ያለ ዕረፍት አይሠራም፤ የብዙዎቹ ልክ 2 ደቂቃ ሠርቶ 18 ደቂቃ ማረፍ ነው። ልጆች ሪሞቱን መጫወቻ ካደረጉት ይግልና ይቆማል፤ ተበላሸ ብለው ከመፍታትዎ በፊት ግማሽ ሰዓት ይጠብቁት።

ለአባትዎ ቅደም ተከተሉን ያሳዩዋቸው፦ መጀመሪያ የጉልበቱ በኩል ትንሽ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ራስጌው። ራስጌው ብቻ ሲነሳ ሰውነት ወደ ግርጌ ይንሸራተታል፤ የመቀመጫ ቆዳ ከአንሶላው ጋር እየተጎተተ የሚቆስለው በዚህ ነው። የተለመደው ባለ ምንጭ ፍራሽ እዚህ አልጋ ላይ አይታጠፍም፤ ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ውፍረት ያለው ጠንካራ ስፖንጅ ይሻላል።

ጥያቄ፦ አባቴ መርሳት ጀምሯቸዋል፤ ሁለቴ ሌሊት ከአልጋ ወድቀዋል። ግራና ቀኝ ሙሉ ርብራብ ላሠራላቸው? (ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)

መልስ፦ አያሠሩ። የሚዘነጋ ሰው ርብራቡን ተሻግሮ ለመውጣት ይታገላል፤ ከ45 ሴንቲ የሚወድቀው ከ90 ይወድቃል። በርብራቡና በፍራሹ መሀል ጭንቅላት የሚያሾልክ ክፍተት ከተገኘ ደግሞ አንገት ይይዛል፤ ማንኛውም ክፍተት፣ ፍራሹ ሲጫኑት የሚሰፋውም ጭምር፣ ከ12 ሴንቲ በታች መሆን አለበት። ራስጌ አጠገብ ይዘው የሚነሱባት አጭር መያዣ ብቻ ታሥራ፤ ከአልጋው ብረት ጋር በብሎን ትጠበቅ እንጂ ፍራሽ ስር እንዲያው አትሰካ።

ደግሞ ለምን እንደሚነሱ ይከታተሉ። አብዛኛውን ጊዜ ሽንት ነው፤ ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ ከሆነ ማታ ከመኝታ በፊት ያድርሷቸው፣ ፖፖ አጠገባቸው ይሁን፣ ትንሽ መብራትም እስኪነጋ አትጥፋ።