መልስ፦ የእናቴ መርሳት ከደም ግፊት ጋር ይገናኛል?

ወንድሜ፣ የ72 ዓመቷ እናትህ «ደህና ነኝ» ብለው የግፊት ኪኒናቸውን ካቆሙ ወዲህ መርሳት እንደበዛባቸው ጽፈሃል። አዎ፣ ሊገናኝ ይችላል። የቆየ ግፊት የአንጎልን ጥቃቅን የደም ሥሮች ያደድራል፣ ያጠባል፤ የአንጎል ክፍሎችን የሚያገናኘው ውስጠኛው ነጭ ክፍል በቂ ደም አያገኝም። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው ስም መርሳት ሳይሆን የሐሳብ መዘግየት፣ ቡና ሲያፈሉ የቱ እንደሚቀድም መጥፋት፣ የእርምጃ ማጠር ነው።

ኪኒናውን በራስህ አታስጀምራቸው፤ ሐኪም ዘንድ ውሰዳቸው። እስከዚያ ግፊታቸውን ቤት ለካ። ቡና ከጠጡ 30 ደቂቃ ይለፍ፤ ጀርባቸውን ደግፈው 5 ደቂቃ ይቀመጡ፤ ክንዳቸው በልብ ከፍታ ይረፍ። በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለቴ ለካ። ከዚያ አስቁመህ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ድገም፦ የላይኛው ቁጥር ተቀምጠው ከነበረው በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ለሐኪሙ የግድ ንገር፤ ይህን ሳያውቅ መድኃኒት ከጨመረ ሊወድቁ ይችላሉ። አፍ ድንገት ከተጣመመ ወይም አንድ ክንድ ከዛለ ግን ቀጠሮ አትጠብቅ፣ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል!