የጎንደር ማር ኒውዚላንድ በር ላይ ለምን ቀረ?

ጥያቄ፦ የወንድሜ ልጅ ለትምህርት ወደ ኒውዚላንድ ሲሄድ አንድ ኪሎ ነጭ ማርና ጥቂት ቋንጣ ቋጥሬለት ነበር። ሲደርስ ሁለቱንም ወሰዱበት፤ ያ አልበቃ ብሎ 400 ዶላር ቀጡት፣ የጫማውን ሶል ሳይቀር ገልብጠው አዩ። ማር መርዝ ነው እንዴ? እንዲህ ያለው ፍተሻ የሚጠቅም ከሆነስ፣ እምቦጭ ለወረረው ጣናችንና ለደሴቶቹ ለምን አይደረግም?
አክስት፣ ከአዘዞ፣ ጎንደር

መልስ፦ ስንቅ መቋጠርዎ ያገር ወግ ነው፤ ልጁም የተቀጣው ማር ስለያዘ ሳይሆን ስላላስታወቀ ነው። ወደዚያ አገር የሚገባ መንገደኛ ሁሉ ምግብ፣ ዘር፣ የእንስሳት ተዋፅኦ ወይም አፈር የነካው ጫማ መያዝ አለመያዙን በቅጽ ይጠየቃል። ካስታወቀ ዕቃው ተመርምሮ ይመለስለታል ወይም ይወገዳል እንጂ ቅጣት የለበትም፤ «የለኝም» ብሎ ሲገኝበት ግን 400 የኒውዚላንድ ዶላር ይከፍላል። ምናልባት ልጁ የአክስቱን ማር ከምግብ አልቆጠረው ይሆናል፤ እኛ ቤት ማር መድኃኒትም ነውና።

ማሩ ለሰው መርዝ አይደለም። ነገር ግን የንብ እጭ የሚገድል ተዋስያን በማር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ስለሚቆይ፣ የተጣለ ዕቃ ጠርዝ ላይ የቀረውን የላሰች አንዲት ንብ በሽታውን ወደ ቀፎዋ ልታስገባው ትችላለች። ቋንጣው የሚያስፈራቸው ደግሞ በአገራቸው የሌለውን የአፍተግር በሽታ ይዞ እንዳይገባ ነው። ሶሉን የገለበጡትም፣ ከእርሻ ዳር ሲመለሱ የነጠላዎ ጥለት ላይ እንደሚያገኙት ጭጎጎት፣ ከጭቃው ጋር ባሕር የሚሻገር ዘር ስላለ ነው።

ደሴቶች እንዲህ የሚጨነቁት ፍጥረታቸው አዳኝ አውሬ ሳያይ ስለኖረ ነው፤ የኒውዚላንዱ ኪዊ የሚባለው ወፍ መብረሩን እንኳ ትቶታል። በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለችው ጉዋም የደረሰባት ይበቃል፦ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በወታደራዊ ጭነት ተደብቆ ገባ የሚባለው ቡናማ እባብ፣ ከደሴቲቱ 12 ነባር የደን ወፍ ዝርያዎች 10ሩን ከደሴቲቱ አጠፋቸው። ዛሬ በጉዋም የሰለጠኑ ውሾች መርከብና አውሮፕላን ላይ የሚጫነውን ዕቃ ያነፈንፋሉ። ልብ ይበሉ፤ ውሾቹ እባቡን የሚፈልጉት በሚገባው ጭነት ሳይሆን ወደ ሃዋይና ወደ ሌሎች ደሴቶች በሚወጣው ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኒውዚላንድ ከጃፓን መኪና ጭነው የመጡ መርከቦችን፣ ሰብል የሚያጠፋ ባለመጥፎ ሽታ ተባይ ስለተገኘባቸው ሳያራግፉ መልሳቸዋለች።

ወደ ጣና እንምጣ። የጣና ደሴቶች ለየብስ ቅርብ ስለሆኑ እንደ ጉዋም አይደሉም፤ ለዓሣ ግን ሐይቁ ራሱ ዙሪያውን በየብስ የተከበበ ደሴት ነው። ጢስ ዓባይም ከታችኛው ወንዝ ስለለየው፣ ሌላ የትም የማይገኙ ዓሦች አሉበት። እምቦጭ የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው፤ ሰው ለአበባው ውበት ሲል ከአገር አገር አዞረው። በኢትዮጵያ በ1965 እ.ኤ.አ. በቆቃና በአዋሽ ታየ፣ ጣና ላይ በ2011 እ.ኤ.አ. ተመዘገበ። ዘሩ ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል፤ ቁራጭ ግንዱም ብቻውን ይበቅላል።

ስለዚህ ለጣና፣ በእኔ እምነት፣ ስለ እምቦጩ የመግቢያ ፍተሻ ዘግይቷል፤ የሚቀረው እንደ ጉዋም የሚወጣውን መፈተሽ ነው። ከጎርጎራ ወደ ሌላ ሐይቅ ወይም ግድብ የሚጓዝ ጀልባ ከመጫኑ በፊት ከሆዱ የቀረው ውኃ ይደፋ፣ ሞተሩ ላይ የተጠመጠመው ሥር ይነቀል፣ መረቡም ተራግፎ ፀሐይ ላይ በደንብ ይድረቅ። ይህን ለማድረግ ውሻም ላቦራቶሪም አያስፈልግም፤ ወደቡ ላይ የሚቆም አንድ ሰውና ባለጀልባዎቹ የተስማሙበት ደንብ ይበቃል።

ልጁን በተመለከተ፣ ወደፊት የሚበላ ነገር ሁሉ ቅጹ ላይ ይጻፍ፤ ቢጠራጠርም «አለኝ» ይበል። ማሩ ግን ለዕረፍት እስኪመጣ ማሰሮው ውስጥ ይቆየው።