መልስ፦ ማታ ያሞቅነው የመዋኛ ገንዳ ጠዋት ቀዝቅዞ ይጠብቀናል

ማሞቂያው አልተበላሸም፤ ገንዳህ ሌሊቱን ክፍቱን ስለሚያድር ነው። "ማታ በጋዝ እናሞቀዋለን፣ ጠዋት ቀዝቅዞ ይጠብቀናል፣ የጋዝ ቢሉ ገደለን" ብለሃል። ሙቀቱን በብዛት የሚወስድብህ ትነት ነው። አንተ ባለህበት ዳላስ ደግሞ ኤፕሪል ላይ ሌሊቱ ቀዝቃዛ፣ ነፋሱም ብርቱ ነው።

አዲስ ማሞቂያ ከመግዛትህ በፊት፦

1. አረፋ አረፋ ያለውን የፕላስቲክ ሽፋን ግዛ። በገንዳህ ቅርጽ በመቀስ ትቆርጠዋለህ፤ አረፋው ወደ ውሃው ይዙር። ይህ ብቻ የማሞቂያ ወጪህን በግማሽ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊቀንሰው ይችላል።

2. ቴርሞስታቱን (የሙቀት መጠን መቆጣጠሪያውን) 80 ዲግሪ ፋራናይት ላይ አድርገው። እያንዳንዷ ተጨማሪ ዲግሪ ገንዘብ ናት።

3. ይህ ካልበቃህ በመብራት የሚሠራ ማሞቂያ፣ ሂት ፓምፕ ግዛ። ሙቀቱን ከአየር ስለሚስብ ከሚበላው መብራት ከ4 እስከ 5 እጥፍ ሙቀት ይሰጥሃል። መግዣው ግን ከጋዝ ማሞቂያው ይወደዳል፤ አየሩ ከ50 ዲግሪ ፋራናይት በታች ሲወርድም ይደክማል። በየቀኑ ለሚዋኝ ቤተሰብ ያዋጣል። የምትዋኙት ቅዳሜና እሁድ ብቻ ከሆነ ጋዙን አትንቀለው፣ ቶሎ የሚያሞቀው እሱ ነው።

አደራህን፣ ሽፋኑ ሰው አይሸከምም። ልጄ የ4 ዓመት ልጅ ሳለች ኳሷ ሽፋኑ ላይ አረፈች፤ ላንሳት ብላ አንድ እግሯን ስታሳርፍ ፕላስቲኩ ወደ ውስጥ ታጥፎ እግሯን ጠቀለለው። ክንዷን ይዤ ነው ያወጣኋት። የአጥሩን በር ቆልፍ። ስትዋኙም ሽፋኑን ሙሉ በሙሉ ጠቅልላችሁ አውጡት፤ ግማሹን ውሃው ላይ አትተዉት።