ስልክ ላይ ብሬል ስትጽፍ የእጅ አንጓህን ካመመህ

አብሽር ወንድሜ፣ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቼ ብሬል ስጽፍ አንጓዬን ያመኛል ያልከው አይገርምም፣ ስክሪኑ ጠባብ ስለሆነ ስድስቱን የብሬል ነጥቦች የሚነኩት ስድስት ጣቶች በአንድ መስመር ሲደረደሩ እጆችህ ይጨናነቁና አንጓህ ወደ ጎን ይጣመማል። በፐርኪንስ (የብሬል መጻፊያ ማሽን) ለለመደ ሰው ጠረጴዛው ደስ ይላል ግን ለአጭር ነገር ነው እንጂ ረጅም ጽሁፍ አይሆንም ባይ ነኝ።

ስክሪኑን ወደ ውጭ አዙረህ ሞክረው። ስልኩን አግድም ያዝና ጀርባው ወደ አንተ ይሁን፣ ጫፍና ጫፉ መዳፍህ ላይ ይረፍ፣ አውራ ጣቶችህ ከላይ ትንሿ ጣት ደሞ ከስር ትደግፈው። ነጥቦቹን እንዲህ ንካ፦ በግራ እጅህ ሌባ ጣት ነጥብ 1፣ መሃል ጣት 2፣ ቀለበት ጣት 3፣ በቀኝ ደሞ በዛው ቅደም ተከተል 4፣ 5፣ 6። ዋናው ነገር ክርንህን ጎንህ ላይ አስጠግተህ ትከሻህን መልቀቅ ነው፣ አየር ላይ አንጠልጥለህ ከያዝከው ያው ህመሙ ወደ ትከሻ ይወጣል። ጣትህንም አትጫን፣ ነካ ለቀቅ ብቻ!

አይፎን ከሆነ ነጥቦቹ ጣትህ ላይ ካልገጠሙ አንተ አትጣመም፣ የቀኝ ሶስቱን ጣት ባንዴ ነካ አድርገህ አንሳ ወዲያው የግራውን አስከትል፣ ነጥቦቹ ጣትህ ወዳለበት ይመጣሉ።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት በሚኒባስ ስትወርድ ቦርሳህን ጭንህ ላይ አድርገህ እጅህን አስደግፍበት። ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ደሞ ላብ ስለሚያንሸራትት የጎማ ከቨር ግዛለት፣ ቻርጀር ሰክተህ ግን አትጻፍ መዳፍህን ይወጋሃል።