ወባን «ፕሮቴክት» ማድረግ ምኑ ላይ ነው ስህተቱ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። የምጽፍልዎት ከኮምቦልቻ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። በቀደም ለእንግዶች በእንግሊዝኛ ሪፖርት ሳቀርብ «ዊ ፕሮቴክት ማላሪያ» አልኩ። አንዷ እንግዳ ፈገግ አለች፤ ምን እንዳጠፋሁ ግን የነገረኝ የለም። መዝገበ ቃላቱ ፕሮቴክትን «መከላከል» ይለዋል። ታዲያ ምኑ ላይ ተሳሳትኩ? ሬስኪው፣ ሴቭ፣ ዲፌንድ የሚባሉትንስ እንዴት ልለያቸው?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። ደሴ ላይ እንግሊዝኛ ሳስተምር ይህቺን ዓረፍተ ነገር በየዓመቱ በቀይ እስክሪብቶ አስምሬባታለሁ። ያሳሳተሽ «መከላከል» ነው። በአማርኛ ሕፃኑንም ከወባ እንከላከላለን፣ ወባንም እንከላከላለን። እንግሊዝኛው ግን ይለያቸዋል። ከፕሮቴክት ቀጥሎ የሚመጣው የምንሳሳለት ነገር ብቻ ነው። እንግዳዋ የሰማችው «ወባን ክፉ እንዳይነካት እንጠብቃታለን» የሚል ነው።

አንቺው የምታድዪውን አጎበር አስቢ። አልጋው ላይ ተወጥሯል፤ ጠርዙ ከፍራሹ ሥር ገብቷል። ሕፃኑ ውስጥ ተኝቷል፣ ትንኟ ውጭ ቀርታለች። አጎበሩ ሕፃኑን ፕሮቴክት አደረገ፣ በሽታውን ደግሞ ፕሪቨንት አደረገ፣ ማለትም እንዳይመጣ አስቀረ። የፕሮቴክት የላቲን ሥሩም «ከፊት መሸፈን» ነው። እኔ ይህን ካወቅሁ ወዲህ ቃሉ ተምታቶብኝ አያውቅም።

«ማዳን»ም ሸክሙ ብዙ ነው። መድኃኒት ያድናል፣ ዋናተኛ ያድናል፣ መድኃኔዓለም ያድናል። እንግሊዝኛው በሽታ ሲሆን ኪዩር ይላል። ሬስኪው የሚባለው ሰው አደጋው ውስጥ ከገባ በኋላ ሄዶ ማውጣት ነው። አንድ ተማሪዬ ክረምት ላይ ቦርከና ሞልቶ በሬያቸውን እንደወሰደባቸው፣ አባቱም በገመድ ጎትተው እንዳወጡት ጽፎ «ፕሮቴክትድ» ብሎ ነበር። «ልጄ፣ ውሃው እኮ በሬውን ወስዶታል» አልኩት። ወዲያው ገባው። «ሬስኪውድ» ብሎ አረመው።

ሴቭ ሰፊ ነው። ብር ሴቭ ይደረጋል፣ ስልክ ቁጥርም ሴቭ ይደረጋል፤ ይሄንማ ሁላችንም እንለዋለን። ሕይወትም እንዲሁ። ደም የለገሰ ሰው የማያውቀውን ሰው ሕይወት ሴቭ አድርጓል፤ ሬስኪው አደረገ ግን አይባልም። ዲፌንድ ደግሞ የሚያጠቃ ሲኖር ነው፦ ኳስ ሜዳ ላይ ተከላካይ፣ ችሎት ላይ ጠበቃ።

አንድ ልጨምርልሽ፣ ብዙ ሰው ስለሚጎዳበት። «መጠበቅ» በእኛ ቋንቋ ቀጠሮም ነው፣ ዘብም ነው። አንድ የፋብሪካ ጥበቃ የሥራ ማመልከቻውን እንድመለከትለት አመጣልኝ። «አይ ዌይትድ ዘ ፋክተሪ» ይላል፤ ፋብሪካው እስኪመጣ ጠበቅሁ እንደማለት። ስድስት ዓመት ብርድ ላይ ያደረ ሰው ነው። ሥራው በአንድ ቃል ሲጠፋበት አንጀቴን በላኝ። «ጋርድድ» ብለን አስተካከልነው።

ለሚቀጥለው ሪፖርትሽ ሁለቱን እንዲህ ጻፊያቸው፦ «ዊ ፕሪቨንት ማላሪያ»፣ «ዊ ፕሮቴክት ችልድረን ፍሮም ማላሪያ»። «ፍሮም» የኛው «ከ» ናት፤ ከወባዋ ፊት እንዳትረሻት።