ባለ አንድ እጁ ወርዋሪ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በጅማ ሂርማታ አካባቢ የስፖርት መምህርት ነኝ። ከተወለደ ጀምሮ ቀኝ እጅ የሌለው ተማሪ አለኝ። ያለ ቀኝ እጅ ስለተጫወተው አሜሪካዊ የቤዝቦል ወርዋሪ (ኳሱን ለመቺው የሚወረውር ተጫዋች) ስለ ጂም አቦት ሰማሁ። በአንድ እጅ እየወረወረ እንዴት ይቀልብ ነበር? ጨዋታውንስ በምን ሁኔታ ተሰናበተ?

መልስ፦ መምህርት፣ ዋናውን ነገር ጠየቁኝ። ጓንቱን በቀኝ ክንዱ ጫፍ ላይ አስደግፎ በግራ እጁ ይወረውራል፤ ኳሱ ከእጁ እንደወጣ ያንኑ ግራ እጅ ጓንቱ ውስጥ ያስገባል። የተመታ ኳስ ከቀለበ ደግሞ ጓንቱን በቀኝ ክንዱና በደረቱ መካከል ይይዝና፣ እጁን ከነኳሱ መዝዞ ይወረውራል። ይህ ሁሉ በዓይን ቅጽበት ነው! ተጋጣሚዎች ድክመት ያገኙ መስሏቸው ኳሱን በቀስታ እየነኩ ወደ እርሱ ይሰዱበት ነበር፤ አልበጃቸውም።

በ1988 (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን ናቸው) በሴኡል ኦሊምፒክ ፍጻሜ ጃፓንን ካሸነፈ በኋላ፣ በ1989 በታችኛው ሊግ ሳያልፍ በቀጥታ በዋናው ሊግ ለካሊፎርኒያ ኤንጅልስ ቡድን ተሰለፈ። ሴፕቴምበር 4 ቀን 1993 ለኒው ዮርክ ያንኪስ ቡድን ሲወረውር የክሊቭላንድ መቺዎች አንድም የተሳካ ምት እንዲያስመዘግቡ አልፈቀደም።

በ1996 ግን 2 ጨዋታ አሸንፎ 18 ተሸነፈ። አድናቂዎቹ ይህን ዓመት መዝለል ይወዳሉ፤ እኔ አልዘለውም። በ1999 በሚልዋኪ ቡድን ጨዋታውን ሲሰናበት በጠቅላላው 87 ድልና 108 ሽንፈት ነበረው።

ለተማሪዎ የቤዝቦል ጓንት ፍለጋ አይድከሙ። አቦትም በልጅነቱ ኳስ ከግድግዳ እያነጠረ ነው የተለማመደው፤ የቴኒስ ኳስና የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ለመጀመሪያ ይበቃል።