ድሪቶ ወይስ ኩዊልት? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ባለፈው ሰሞን ስለ አሜሪካውያን ጥንታዊ ባለሁለት ቀለም ኩዊልቶች (ከተገጣጠመ ጨርቅ የሚሰፋ የአልጋ ልብስ)፣ በተለይም ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ ኤግዚቢሽን ስለታዩት 651 ቀይና ነጭ ኩዊልቶች ጽፌ ነበር። ከመጡልኝ ጥያቄዎች አራቱን ዛሬ ልመልስ።

«ይሄ እኮ ድሪቶ ነው! ምን ብሎ ነው ለኤግዚቢሽን የሚቀርበው?»

ሳቄ መጣ። እናቴም ፎቶውን ሳሳያት ያለችው ይህንኑ ነው። ግን ድሪቶ የሚደረተው ልብስ ሲያልቅ ነው። ቀይና ነጭ ኩዊልት ብዙ ጊዜ ከአዲስ ጨርቅ ነው የሚሠራው። ከየቤቱ ቁርጥራጭ ቢለቃቅሙ ሁለት ቀለም ብቻ ከየት ይመጣል? ጨርቁ ተቆርጦ፣ ተገጣጥሞ ይሰፋል። ከሥሩ ጥጥ ይነጠፋል፣ ገበር ይገባለታል። ከዚያ ሦስቱን አንድ ላይ የሚይዝ ደቃቅ ስፌት ይወርድበታል። በሁለት ቀለም ደግሞ መሸዋወድ የለም። የአንዷ ሦስት ማዕዘን ጫፍ ትንሽ ካመለጠች ከሩቅ ታስታውቃለች። በአበባ ጨርቅ ቢሆን ማን ያያል?

«651 ኩዊልት ምን ዓይነት ግድግዳ ቻለው?»

ግድግዳ ላይማ አልሰቀሉትም። የአሜሪካ ፎልክ አርት ሙዚየም እ.ኤ.አ. ከማርች 25 እስከ 30 ቀን 2011 ያሳየው በኒው ዮርኩ ፓርክ አቬኑ አርመሪ ነው፤ ድሮ ወታደር ይሰለጥንበት የነበረ ግዙፍ አዳራሽ። ኩዊልቶቹ ከላይ ተንጠልጥለው ክብ ክብ እየሠሩ ወደ ጣሪያው ይወጡ ነበር። መሐል ላይ ወንበሮች ክብ ሠርተው፣ ኩዊልት ለብሰው ቆመዋል። ክብ ሠርተው ሲሰፉ የነበሩ ሴቶች አሁን ቡና ሊያፈሉ የተነሱ ነው የሚመስለው። ሁሉም ቀይና ነጭ፣ አንዱ ግን ከሌላው አይመሳሰልም። የኩዊልቶቹ ባለቤት ወይዘሮ ጆአና ሮዝ ለ80ኛ ልደቷ የፈለገችው የሰበሰበችውን ሁሉ ባንድ ላይ ማየት ነበር። መግቢያውም በነፃ። ስድስት ቀን ብቻ መቆየቱ ነው የሚያስቆጨው።

«የኔ ቀይ ሻሽ ነጠላዬን አበላሽቶታል። የእነሱ ቀይ ነጩን እንዴት አልነካውም?»

ምስጢሩ «ተርኪ ሬድ» የሚባለው ቀለም ነው፤ የቱርክ ቀይ ማለት ነው። ማደር ከተባለ ተክል ሥር ይወጣል። ክሩን በዘይት፣ በበግ ፋንድያና አሉም በሚባል ጨው ደጋግሞ መንከርን ይጠይቃል፤ ሳምንታት ይፈጃል። አውሮፓውያን ሙያውን የቀሰሙት ከኦቶማን ግዛት በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 የጀርመን ኬሚስቶች የማደርን ቀለም በላቦራቶሪ ሠሩት። በኋላ ግን ርካሽ ቀዮችም ገበያውን ሞሉት። እነሱ ይለቃሉ ወይም ወደ ሮዝ ይደበዝዛሉ። የርስዎም ሻሽ ዘመዳቸው ሳይሆን አይቀርም።

«እዚህ ቨርጂኒያ ያርድ ሴል (ሰው ያገለገለ ዕቃውን በግቢው የሚሸጥበት) ላይ በቀይ ክር ስም የተጠለፈበት ነጭ ኩዊልት ገዛሁ። የማን ይሆን? ማሽን ውስጥስ ላጥበው?»

ምን ዓይነት ዕድል ነው! የአንድ ቤተሰብ ላይሆን ይችላል። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ገንዘብ የሚያሰባስቡበት ዘዴ ነበር፤ ሰው ጥቂት ሳንቲም ይከፍላል፣ ስሙ ይጠለፍለታል። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለቀይ መስቀልም እንዲሁ ተደርጓል። ጥግ ላይ የከተማ ስም ወይም ዓመተ ምሕረት ካለ ይፈልጉ።

ማሽኑን ግን ይርሱት! ያረጀ ክር ውሃ ያዘለ ጥጥ ሲጎትተው ይበጠሳል። ፀሐይ ላይም አያስጡት፣ በፌስታልም አይጠቅልሉት። በታጠበ ነጭ አንሶላ ጠቅልለው ያስቀምጡት። አልፎ አልፎ አውጥተው አስተጣጠፉን ይቀይሩለት፤ ሁሌ በአንድ መስመር ከታጠፈ የሚሰነጠቀው እዚያው ላይ ነው።